ፕላስቲክ፣ እስቲል ወይስ ፔርሙዝ? ጅማ ላይ የልጅ ምሳ ለሚቋጥር ወላጅ

ቤታችን ውስጥ ምሳ የምቋጥረው እኔ ነኝ። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ የምትሆንበት ሳምንት ብዙ ነው፤ እሷ ስትገባ እኛ ልንወጣ ነው። ትልቋ ልጄ 11 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 6። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለችው አንድ ሰዓት ቁርስ ይበላል፣ አንድ እግር ካልሲ ይጠፋል፣ ምሳ ይቋጠራል፣ ከዚያ ባጃጁ በር ላይ ጥሩምባውን ይነፋል።

በሦስት ዓመት ውስጥ ገበያ ላይ ያሉትን ሦስቱንም ዓይነት ምሳ ዕቃ ገዝቻለሁ። አንዳንዱን ሁለቴ። እቤት ይሠራ ወይስ ከሱቅ ይገዛ የሚለውንም በየተራ ሞክሬዋለሁ። መስከረም በመጣ ቁጥር ጎረቤት ሁሉ «የቱ ይሻላል?» ስለሚለኝ ነው መጻፌ።

መጀመሪያ ግን ሰዓቱን ቁጠሩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተዘጋ ምሳ የሚከፈተው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ጀርም የሚራባበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ምሳው ወይ የምር ትኩስ ሆኖ መቆየት አለበት፣ ወይ ቀዝቅዞ የሚበላና ቶሎ የማይበላሽ መሆን አለበት። ለብ ያለው ነው ጠላታችን። ሩዝ ደግሞ በተለይ። ሩዝ ላይ ያለው ባክቴሪያ ዘሩ በመቀቀል አይሞትም፤ ለብ ብሎ ሲቆይ ይነቃል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ዓመት ሙሉ ሩዝ በፕላስቲክ ልኬያለሁ። እግዜር ጠብቆኛል።

ፕላስቲኩ

ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ የስድስት ዓመት ልጅ ራሱ ይከፍተዋል። የመጨረሻውን አትናቁት፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስትገዙ ገልብጡትና ቂጡን እዩ። ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለ። 5 ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ሙቀት ይችላል፣ እሱን ውሰዱ። 3 ወይም 6 ከሆነ ለትኩስ ምግብ አይሆንም። ቁጥር ከሌለው ላይ ላዩ ምንም ያህል ቢያምር፣ የትኛውም ካርቱን ቢሳልበት፣ መልሱት።

ከዚያ ባለሱቁን ውሃ ለምኑት። ሞልታችሁ ዝጉና ገልብጣችሁ አራግፉት። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም ግድ የለም። የኛ ከተማ ባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ከዚህ የባሰ ነው የሚያራግፈው። እኔ ይህን ሳላደርግ የገዛሁት ምሳ ዕቃ በሁለተኛው ቀን ስልሱን ሙሉ በሙሉ የትልቋ ልጄ የሒሳብ ደብተር ላይ ገለበጠው። ዘይቱ ከማባዛት ጀምሮ እስከ ክፍልፋይ ድረስ ሰርጿል። አሁንም ደብተሩ ሲገለጥ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ፕላስቲክ በርበሬ አይወድም። የበርበሬው ቀለም ዘይት ውስጥ ይሟሟና ዘይቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባል፤ በሳሙና ብትፈትጉት ወይ ፍንክች። የእርድም እንደዚያው ነው። መላው ፀሐይ ነው፤ አጥባችሁ ክፍቱን ፀሐይ ላይ አውሉት፣ ቀስ በቀስ ይለቃል። ችግሩ ጅማ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይን በቀጠሮ ነው የምናገኛት።

ዝናቡ ካነሳን አይቀር፣ ክዳኑ ዙሪያ ያለችው ጎማ የምትወልቅ መሆኗን አረጋግጡ። የማትወልቅ ከሆነ ሥሯ እርጥበት ይዞ ይሻግታል። እኛ አገር የቆዳ ጫማ እንኳ ቁም ሳጥን ውስጥ ሁለት ሳምንት ከቆየ አረንጓዴ ያወጣል፤ ጎማማ ምን ይሆናል።

ለዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ለጨጨብሳ፣ ለተቀቀለ ድንች፣ ቀዝቅዞ ለገባ ፍርፍር ፕላስቲክ በቂ ነው። ትኩስ ነገር አስገብታችሁ ወዲያው አትዝጉ። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ይሆንና ተመልሶ ይንጠባጠባል፤ ፍርፍሩ ገንፎ ሆኖ ይደርሳል።

እስቲሉ

አንድ ንብርብር ያለው የማይዝገው ብረት ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ብረት ስለሆነ ሙቀት የሚይዝ ይመስለዋል። አይይዝም። እንዲያውም ትኩስ ካስገባችሁበት የልጅ እጅ ያቃጥላል፣ ከዚያ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሙቀት የሚይዘው በድርብ ግድግዳው መሐል አየር የሌለበት ብቻ ነው፤ እሱ ፔርሙዝ ነው።

የእስቲሉ ጥቅም ሌላ ነው። ቀለም አይዝም፣ ሽታ አይዝም፣ ቢወድቅ ይጎደጉዳል እንጂ አይሰነጠቅም። የትልቋ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ምሥር ወጥ ገብቶበት ታጥቦ በማግሥቱ ሙዝ ሲገባበት ሙዙ ሙዝ ይሸታል።

እዚህ ላይ ስለ ማግኔት ልንገራችሁ። «ማግኔት ካልሳበው ኦርጅናል ነው» የሚል ወሬ አለ። ግማሽ እውነት ነው። 304 የሚባለው ጥሩው ብረት 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል አለው፤ ማግኔት እምብዛም አይስበውም። ግን 201 የሚባለው ርካሹም አይሳብም። እሱ ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የተጨመረበት ነው፤ ጨውና ሎሚ ሲነካው ቶሎ ይዝጋል። በማግኔት ሁለቱን አትለዩዋቸውም። ጽሑፉን ፈልጉ፤ 304 ወይም 18/8 ይላል። ከተለጣፊ ወረቀት ይልቅ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ይሻላል። ጠርዙንም በጣት ዳስሱት፤ ሻካራ ከሆነ ወይም ብየዳው ላይ ቀዳዳ ካለ ዝገቱ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

እናቴ ይህን ስነግራት «አገልግልስ ምን አጠፋ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ድሮ መንገደኛ በቆዳ በተለበጠ አገልግል ፍትፍቱን ይዞ ቀናት ይሄድ ነበር። ግን አገልግል የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ አይገባም።

ፔርሙዙ

ውዱ እሱ ነው። በአንዱ ዋጋ ብዙ ፕላስቲክ ይገዛል። ስለዚህ ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ እኔ የመጀመሪያው ላይ ተሸውጃለሁ። ከውጭ እስቲል፣ ከውስጥ ፕላስቲክ፣ መሐሉ ደግሞ አየር ያለበት ነበር። ፓስታው 4 ሰዓት ሳይሆን በርዷል።

ሁለተኛውን ስገዛ ነቃሁ። መርካቶ አንድ ሱቅ ገባሁ። «ኦርጅናል ነው ወንድሜ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ውሰድ» አለኝ ልጁ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ከበሩ ጎን ቡና የምታፈላዋን «እህቴ፣ ትንሽ የፈላ ውሃ አበድሪኝ» አልኳት። ሰጠችኝ። ሞልቼ ዘጋሁና ቡናዬን መጠጣት ጀመርኩ። አቦሉ ሲያልቅ የፔርሙዙን ሆድ በእጄ ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር። ከጎኑ የነበረውን ሌላ ሞዴል ሞከርን፤ እሱ እንደ ሲኒው ሞቀ። ልጁ ራሱ ገርሞት እየደጋገመ ነካካው። ከውጭ ከሞቀ ሙቀቱ እየወጣ ነው፤ መሐሉ ያለው ባዶነት ተበላሽቷል ወይም ድሮም አልነበረም። ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም፤ የሚያስወጣችሁ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ነው።

አጠቃቀሙም ቁም ነገር አለው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ገና ሲጀመር ስድስት ዲግሪ ተበልተናል። ስለዚህ ፔርሙዙን መጀመሪያ የፈላ ውሃ ሞልታችሁ አምስት፣ አሥር ደቂቃ አቆዩት። ደፍታችሁ ወዲያው እየፈላ ያለውን ምግብ አስገቡ። እስከ አፉ ሙሉት፤ ግማሽ የሆነ ፔርሙዝ ቶሎ ይበርዳል። ለስድስት ዓመት ልጅ ትልቅ አትግዙ፤ ግማሽ ሊትር የማይሞላው ይበቃል። ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ሾርባ፣ ሽሮ የሚገባው እዚህ ነው።

አሁን ወደዚያ ያስቀመጥኩት ነገር ልመለስ። በአዲሱ ፔርሙዝ የመጀመሪያ ቀን ትንሹ ማታ ሲመጣ ምሳው እንዳለ ነበር። ስከፍተው እንፋሎት ወጣ፤ ገና ለብ ብሏል። «ለምን አልበላህም?» ስለው «አባዬ፣ እምቢ አለኝ» አለ፤ ሁለት እጁን አጥብቆ እያሳየኝ። ትኩስ ምግብ ተዘግቶ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እንፋሎት ይኮማተራል፣ ክዳኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል። እኔም ጨርቅ ይዤ ነው የከፈትኩት። ልጄ ክፍል ውስጥ ምሳውን ታቅፎ ጾሙን ዋለ። ክዳኑ መሐል ላይ አየር የምታስገባ ቁልፍ ያላቸው አሉ፤ ለትንሽ ልጅ እነሱን ብቻ ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊትም ልጁን ሱቅ ውሰዱትና ራሱ ይክፈተው።

በአጭሩ የኔ ምርጫ ይህ ነው። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከሆነና ልጁ ትንሽ ከሆነ ባለ 5 ቁጥሩን ፕላስቲክ ግዙና ምግቡን በእሱ ልክ አብስሉ። ልጁ ከፍ ካለ እስቲል። ፔርሙዝ ሁለተኛ ዕቃ ነው እንጂ የመጀመሪያ አይደለም። ኮዳ ላይ ብዙ አልልም፤ ሰፊ አፍ ያለው፣ ስትሮው የሌለው። ስትሮው ውስጡ ሲሻግት አይታይም።

ከሱቅ ወይስ ከቤት?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቀየመኛል፤ ዳቦ ግዙ ነው የምለው። የቤት ድፎ በኮባ ቅጠል ተጋግሮ የሚያህለው የለም፣ እሱን አልከራከርም። ግን ሊጡ እስኪነሳ፣ እስኪበስል፣ መሐል ላይ መብራት ሲሄድ… የሥራ ቀን ዳቦ አይደለም። በዚያ ላይ በኛ እርጥበት ሦስተኛው ቀን ላይ ነጥብ ነጥብ ማውጣት ይጀምራል። የዳቦ ቤቱን ማታ ግዙና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ አትተዉት።

የለውዝ ቅቤ ግን እቤት ይሠራ። የሱቁ ብዙውን ጊዜ ስኳር፣ እንዲሁም ዘይቱ እንዳይለይ የሚጨመርለት ሌላ ስብ አለበት። የቤቱ ለውዝና ትንሽ ጨው ብቻ ነው። ጥሬ ለውዝ ከሂርማታ ግዙ፤ ሐሙስ ገበያው ሲደምቅ ምርጫ አለ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ልቀሙ። የጠቆረ፣ የተጨማደደ፣ ሻጋታ የነካው አንድም አይለፍ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቆልታችሁ አሹት፣ አንፍሱት፣ ገና ሞቅ እያለ ፍጩት፤ ሲሞቅ ዘይቱን ቶሎ ይለቃል። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ከዚያ ይጓጉላል፣ «ተበላሸ» ስትሉ ድንገት ይቀልጣል። ብሌንደሩን ትንሽ ትንሽ እያስፈጫችሁ አሳርፉት። እኔ አንድ ኪሎ በአንዴ ሰጥቼው ጭሶ ቀረ፤ የጥገናው ዋጋ የስድስት ወር የሱቅ ለውዝ ቅቤ ይገዛ ነበር። ማሰሮው ላይ ዘይት ቢንሳፈፍ አትደንግጡ፣ ማማሰል ነው።

ዳቦ ቆሎም ከሱቅ ብስኩት ይበልጣል። እሁድ ከሰዓት ሊጡን እኔ አድቦለቡላለሁ፣ ልጆቹ በቢላ ይከታትፋሉ፣ ግማሹ ጥሬውን ይበላል። በደንብ ከደረቀና ክዳኑ በገጠመ ዕቃ ከተቀመጠ ሳምንታት ይቆያል። ፍራፍሬ ላይ ደግሞ ጅማ መኖር በራሱ ዕድል ነው። አቮካዶ ተቆርጦ ከተላከ ይጠቁራል፤ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ሙዝ ግን የራሱን ምሳ ዕቃ ይዞ ነው የተፈጠረው። የታሸገ ጁስ አልገዛም።

አንድ ነገር ሳልረሳ። እዚህ ልጆች ምሳ ብቻቸውን አይበሉም፤ ክዳን ተከፍቶ ሁሉም ከሁሉም ይጎርሳል። ከልጄ ጎን የምትቀመጠው ሙስሊም ናት፣ ፊት ለፊቱ ያለው እንደኛ ኦርቶዶክስ ነው። ስለዚህ ሥጋ አልልክም፤ የትኛውም ልጅ «እኔ አልበላም» ብሎ እጁን እንዳይሰበስብ። ረቡዕና ዓርብ የሚሆነው የጾም ምግብ ለሁሉም ይሆናል፤ ምሥር፣ ስልስ በድንች፣ ሽሮ ፍትፍት። ከወትሮው ትንሽ አብዝቼ ነው የምቋጥረው፣ ግማሹ የሌላ ልጅ ሆድ ውስጥ እንደሚገባ አውቃለሁ። ይህ ስለሆነም የለውዝ ቅቤ ከመላካችሁ በፊት ለውዝ የማይስማማው ልጅ ክፍሉ ውስጥ እንዳለ መምህሯን ጠይቁ።

ስም መጻፍም አትርሱ። ማርከር በሳምንት ታጥቦ ያልቃል፤ የጥፍር ቀለም ግን ክዳኑ ላይ ከርሟል። ማንኪያ ላይ መላ አላገኘሁም። ከመስከረም ወዲህ አራት ሄዷል። የሠርጋችን ስጦታ ከነበረው ስድስት ማንኪያ ነበር የምሰጣቸው፤ ሁለት ቀርቷል። ባለቤቴ ገና አልቆጠረችም።