ኤሊዮስ 3 ድሮን በመርከብ ታንክ ውስጥ፦ የሚያየውና የማይደርስበት

በባሕር ዳር ሠልጥነን በውጭ አገር መርከቦች ላይ የምንሠራ ኢንጂነሮች የመጀመሪያውን የባላስት ታንካችንን (መርከብ ሚዛኗን ለመጠበቅ የባሕር ውኃ የምትይዝበትን ክፍል) የምንረሳው አይመስለኝም። እኔ ካዴት (ተለማማጅ) ሳለሁ የገባሁት ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ፣ በጉልበቴና በክርኔ እየዳኽሁ፣ ከአንዱ የብረት ጎድን ወደሚቀጥለው በጠባብ ቀዳዳ እየሾለክሁ ነበር፤ ስወጣ ቱታዬ በባሕር ጭቃ ተለውሶ ነበር፣ ስለ ታንኩ ሁኔታ ለአለቃዬ ልነግረው የቻልሁት ግን ባትሪዬ ያበራልኝን ያህል ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት፣ የማገለግልባት የጅምላ ጭነት መርከብ ለ15ኛ ዓመት ሰርቬይዋ (የብቃት ምርመራዋ) ስትዘጋጅ፣ ይህንኑ ሥራ በድሮን የሚሠሩ ሁለት ባለሙያዎች በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ወደብ በፉጃይራ ላይ መልሕቅ ጥለን ሳለ መጡና አራት ቀን አብረናቸው ሠራን። ከዚህ በታች የምጽፈው ያየሁትን ነው፤ መሣሪያውንና አገልግሎቱን ግን ለየብቻ እመዝናቸዋለሁ፣ ምክንያቱም የአንዱ ጥፋት የሌላው አይደለም።

መሣሪያው ኤሊዮስ 3 ይባላል። ሠሪው እ.ኤ.አ. በ2014 በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ የተመሠረተው ፍላያቢሊቲ ነው። የዛሬው ድሮን ቀዳሚ የሆነው ጂምቦል እ.ኤ.አ. በ2015 ዱባይ ላይ በተካሄደው፣ ለበጎ ዓላማ የሚውሉ ድሮኖች በሚወዳደሩበት መድረክ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት በማግኘቱ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ስሙን የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። ከተራው ድሮን የሚለየው ዙሪያውን በካርቦን ፋይበር ቅርጫት የታጠረ በመሆኑ ነው፤ ግድግዳ ሲነካ ቅርጫቱ ስለሚመታ ክንፎቹ አይጎዱም፣ ድሮኑም ገጨት አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። ስፋቱ 48 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 38 ሳንቲ ሜትር ነው። ላዩ ላይ የ4ኬ ካሜራ፣ ሙቀት የሚለይ ካሜራ፣ 16 ሺህ ሉመን የሚደርስ መብራት እና ዙሪያውን በጨረር እየለካ የሦስት አቅጣጫ ካርታ የሚሠራ ሊዳር ተገጥሞለታል።

መሬት ላይ ለሚሠራ አንባቢ አንድ ነገር ማብራራት ይገባኛል፦ ባዶ የብረት ክፍል ለምን ይፈራል? ዝገት ማለት ብረት ከኦክስጅን ጋር መዋሐድ ነውና፣ ለወራት ተዘግቶ የቆየ ባላስት ታንክ ግድግዳው ራሱ አየሩን እየበላ ይኖራል። የምንተነፍሰው አየር ወደ 21 በመቶ የሚጠጋ ኦክስጅን አለው፤ በተዘጋ ታንክ ውስጥ ግን ይህ መጠን ምንም ሽታ ሳይኖረውና ጉሮሮ ሳይቧጥጥ ሊወርድ ይችላል፣ እጅግ ሲወርድም ሰው በአንድና በሁለት ትንፋሽ ይወድቃል። የድንጋይ ከሰል፣ ግንድና የብረት ቁርጥራጭ የተጫነባቸው ጎተራዎችም እንደዚሁ ናቸው። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ የወደቀውን ጓደኛ አይቶ ሳያስብ ዘሎ የሚገባው ሁለተኛው ሰው አብሮ መቅረቱ ነው። ሶላስ የተባለው፣ በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደኅንነትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የዝግ ስፍራ የነፍስ አድን ልምምድ በየሁለት ወሩ እንዲደረግ፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮም መርከቦች የራሳቸውን የጋዝ መለኪያ እንዲይዙ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ድሮኑ በእውነት ያስደነቀኝ በጭነት ጎተራዎቹ ውስጥ ነው። የእኛ ጎተራ ጥልቀት ወደ 18 ሜትር ይጠጋል፤ ከላይ ያሉትን የጎድን ጫፎችና የብየዳ መስመሮች በክንድ ርቀት ለማየት ቀድሞ የነበሩን መንገዶች መወጣጫ መሥራት፣ ክሬን የሚያነሣው ሰው የሚጭን ሣጥን ማግኘት፣ ወይም በአንዳንድ መርከቦች እንደሚደረገው ውኃ ሞልቶ በጎማ ጀልባ እየተንሳፈፉ መመርመር ነበሩ። ሁሉም ቀናት ይወስዳሉ፣ ሁሉም ሰው ከከፍታ ሊወድቅባቸው ይችላል። አብራሪው ጎተራው አፍ ላይ ከፀሐይ መከላከያ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ድሮኑን ወደ ማዕዘኑ ሲያስጠጋው፣ እኔ ለአምስት ዓመት ከታች አንጋጥጬ ብቻ ያየሁት ብየዳ በስክሪኑ ላይ ከመዳፌ በቀረበ ግልጽነት መጣ። አንዱን ጎተራ ከረፋድ እስከ ምሳ ሰዓት ጨረስን።

በተለይ ሊመሰገን የሚገባው መብራቱ ነው። አብራሪው ብርሃኑን ፊት ለፊት ከማብራት ይልቅ ወደ ጎን ሲያዘነብለው፣ ለጥ ያለ ይመስል የነበረው ብረት በድንገት ጥላ ጣለና ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ዝገት ወጣ። ካሜራው ሽቅብ ቀጥ ብሎ ማየት ስለሚችልም የመርከቡን ወለል ከሥሩ አሳይቶናል። ሊዳሩ ደግሞ ማንኛችንም ያላሰብነውን ችግር ፈታ። ታንክ ውስጥ ሁሉም ጎድን አንድ ዓይነት ነው፤ ቀድሞ ፎቶ አንሥተን ስንወጣ «ይኼ ስንተኛው ጎድን ነው?» በሚል ክርክር እንጨቃጨቅ ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ጉድለት በካርታው ላይ ነጥብ ሆኖ ተቀመጠ፣ ብየዳ የሚሠሩት ሰዎችም ሳይፈልጉ ደረሱበት።

ከጎተራ ወደ ታንክ ስንሻገር ግን ነገሩ ከበደ። ድሮኑ ሊዳሩን ይዞ በአንድ ባትሪ የሚበረው ወደ 9 ደቂቃ፣ ያለ እርሱ ወደ 12 ደቂቃ ነው፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ለመመለስ የሚፈጀው ሲቀነስ ለምርመራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በተጨማሪም የእኛ ታንክ ማንሆል (የሰው መግቢያው) 60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞላላ ቀዳዳ ነው፤ 48 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋው ድሮን ቀጥ ብሎ እየበረረ ሊያልፍበት አይችልም። ስለዚህ አዘንብለን በእጃችን አስገባነው፣ ይህም ማለት አንድ ሰው የግድ በማንሆሉ ላይ ተደፍቶ የታንኩን ትንፋሽ ይቀበላል ማለት ነው። ወፍራም ብረት የሬዲዮ ሞገድን ስለሚያፍንም አንቴናውን በገመድ ወደ ታች ማውረድ አስፈለገ።

በሦስተኛው ቀን የሆነውን ሳልናገር ባልፍ ግምገማዬ ጎዶሎ ይሆናል። አብራሪው፣ ስክሪኑ ባትሪው ማለቁን እያስጠነቀቀው፣ «አንድ ጎድን ብቻ ቀረኝ» ብሎ ቀጠለና ድሮኑን በቀኙ የላይ ታንክ ውስጥ ከማንሆሉ ሦስት ጎድን አልፎ ለማሳረፍ ተገደደ። ሰው እንዳይገባ የመጣው መሣሪያ ሰው እንዲገባ አደረገ። ታንኩ አስቀድሞ የተናፈሰና የተለካ በመሆኑ ችግር አልገጠመንም፤ የመግቢያ ፈቃዱ ተሞልቶ፣ መለኪያው 20.9 በመቶ ማሳየቱ ተረጋግጦ፣ በማንሆሉ አፍ ጠባቂ ቆሞ እኔና አንድ መርከበኛ ገብተን አወጣነው። ጥፋቱ የአብራሪው እንጂ የድሮኑ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ድሮኑ ውስጥ ቢቀር ማን እንደሚገባ ሳይወሰን እንዲነሣ አልፈቀድንም።

ስለዚህም ከቢሮ በኩል ቀድሞ የደረሰን ኢሜይል «በድሮን ስለሆነ ታንኮቹን ማናፈስ አያስፈልግም» ማለቱ እስካሁን ያስገርመኛል። ድሮኑ የሚያስቀረው መወጣጫውን እንጂ ዝግጅቱን አይደለም። ታንኩ መድረቅ አለበት፣ ጭቃው መጠረግ አለበት (ካሜራ ከጭቃ ሥር ያለውን ብረት አያይም)፣ አየሩም መለካት አለበት። ይህ መሣሪያ ፍንዳታ እንዳያስነሣ ተደርጎ የተሠራ ስላልሆነ የነዳጅ ወይም የኬሚካል ተን ባለበት ታንክ ውስጥ ፈጽሞ መብረር የለበትም፤ በታንከር ላይ የሚሠሩ ወገኖቼ ይህቺን በተለይ ልብ ይበሏት።

ሌላው ወሰኑ የመዳሰስ ነገር ነው። የዛገ ብረት ብዙ ጊዜ ቅርፊቱን ይዞ ደህና መስሎ ይቆማል፤ መዶሻ ሲያርፍበት ግን ድምፁ ይለወጣል፣ አንዳንዴም መዶሻው ያልፋል። ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2024 በአልትራሳውንድ የብረት ውፍረት የሚለካ ተጨማሪ መሣሪያ ለዚሁ ድሮን አውጥተዋል፤ ወደ እኛ የመጡት ባለሙያዎች ግን አልያዙትም ነበርና ስለ እርሱ ልፈርድ አልችልም። የክላስ ድርጅቶች (የመርከቦችን ብቃት የሚያረጋግጡት) በርቀት የሚደረግ ምርመራን የሚቀበሉት በሁኔታ ነው፦ ሥራው በተፈቀደለት አገልግሎት ሰጪ መከናወን አለበት፣ ጥርጣሬ ሲነሣም ሰርቬየሩ (መርማሪያቸው) በአካል ገብቶ እንዲያይ መጠየቅ ይችላል። የእኛው ሰርቬየር ድሮኑ ነጥብ ካስቀመጠባቸው አሥራ አንድ ቦታዎች ወደ አራቱ መዶሻውን ይዞ ራሱ ገባ። ይህ ለድሮኑ ውርደት አይደለም፤ ቀድሞ ታንኩን በሙሉ ይዳክር የነበረ ሰው አሁን የሚሄድበትን አውቆ ገባ፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላም ወጣ።

ስለ አገልግሎቱ ብዙ የምለው የለም። ሁለቱ ሰዎች ትሑትና ታታሪ ነበሩ፤ ይዘውት የመጡት ባትሪ ግን አነሰ፣ በዚያ ሙቀት ለመሙላትም ረጅም ሰዓት ስለወሰደ የሁለተኛው ቀን ግማሽ በመጠበቅ አለፈ። ሪፖርቱ በአምስት ቀን እንደሚደርሰን ተነግሮን የደረሰን በሦስተኛው ሳምንት ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ስንት ባትሪ እንደሚይዙ፣ ጥሬው ቪዲዮ ለመርከቡ ይቀር እንደሆነ፣ ድሮኑ ታንክ ውስጥ ቢቀር ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

በሚቀጥለው ምርመራ አስተያየቴን የሚጠይቀኝ ካለ፣ ለአምስቱም ጎተራዎችና ለላይኞቹ ታንኮች ድሮኑ ይምጣ እላለሁ። ቆሜ ቀና ለማለት እንኳ ለማልችልበት ደብል ቦተም (በመርከቡ ድርብ ወለል መካከል ላለው ጠባብ ታንክ) ግን፣ ሁሉም ነገር በክንድ ርቀት ስለሆነ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ መዶሻ፣ የጋዝ መለኪያና በማንሆሉ አፍ የሚቆም ጠባቂ ይበቁናል።