ባለ ሥዕሉ የህንድ ሰንደል፦ ለቡና የሚሆነው የትኛው ነው?

ጠባሴ ነው ቡና የማፈላው። የደብረ ብርሃን ብርድ በር አያስከፍትም፤ በር ሲዘጋ ደግሞ የሚጨሰው ሁሉ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሰንደል ላይ መራጭ ነኝ። ሰፈራችን ያለ አንድ ሱቅ ባለ ስድስት ጎን ፓኮ የህንድ ሰንደል ያመጣል፤ በአንዱ ፓኮ 20 ዘንግ አለ፤ ላዩ ላይ የሂንዱ አማልክት ተሥለውበታል። ያሉትን ዓይነቶች ሁሉ ሞክሬያቸዋለሁ። ሥዕሎቹን ያስረዳኝ ደግሞ ፋብሪካ የሚሠራ ህንዳዊ ደንበኛዬ ነው፤ አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፣ ወሬ ላይ ግን ማንም አይችለውም።

በብዛት የሚሸጠው የዝሆን ራስ ያለው ነው፣ ጋኔሻ። ሂንዱ ሱቅ ሲከፍት፣ ሲያገባ፣ መንገድ ሲጀምር አስቀድሞ የሚጠራው እሱን ነው፤ እንቅፋት የሚያነሳ እሱ ነዋ። እናቱ ፓርቫቲ ገላዋን ከታሸችበት ነገር ልጅ አበጅታ፣ እስክታጠብ በር ጠብቅ ብላ አቆመችው አሉ። ባሏ ሺቫ ሲመጣ ልጁ አላስገባህም አለው። ሺቫ በንዴት አንገቱን ቀላው፤ እናትየው ምድር ቀውጢ ስታደርግ የዝሆን ራስ ተገጠመለት። ፓኮው ላይ አንዱ ጥርሱ ተሰብሮ፣ እግሩ ሥር መጓጓዣው የሆነች አይጥ ቁጭ ብላ ይታያል። ሥዕሉ ግሩም ነው። ሽታው ግን ጽጌረዳ ነው፤ ያውም የሳሙና ጽጌረዳ። ቡናው ሲቆላ ይጣላሉ፣ የአቦሉን ቃና ገድሎብኛል። ለቡና አይሆንም።

ላክሽሚ የሀብት እመቤት ናት፤ ሎተስ አበባ ላይ ሆና ከመዳፏ የወርቅ ሳንቲም ይፈስሳል። ባለሱቁም ብልጥ ነው፣ የእሷን ፓኮ ከገንዘብ መሳቢያው አጠገብ ነው የደረደረው። ሽታዋ ቫኒላ ነው፤ ቶሎ ይሰለቻል።

ዋሽንት የሚነፋው ሰማያዊ ጎረምሳ ክሪሽና ነው። እሱ ራሱ ቪሽኑ ነው አለኝ፤ ቪሽኑ ማለት ዓለምን ጠባቂው፣ ክፋት ሲበዛ መልክ ቀይሮ የሚወርደው። አንዴ ዓሣ፣ አንዴ ኤሊ፣ አንዴ ከርከሮ፣ አንዴ ራማ የሚባል ንጉሥ ሆኗል። ከ10ሩ መገለጦች ክሪሽና 8ኛው ነው፣ የመጨረሻው ገና አልመጣም። ሰንደሉ የወንድ ሽቶ ሽቶ ይላል፣ ራስ ያዞራል።

ገንዘባችሁን የምታወጡ ከሆነ የሺቫውን ግዙ። ሽታው እውነተኛ የሰንደል እንጨት ነው፣ ደረቅ፣ ስኳር ስኳር የማይል። ከኛ ነጭ ዕጣን ጋር አብሮ ቢጤስ እንኳ አይጋፋም። ሺቫ አፍራሽ ነው፤ ግን የሚያፈርሰው አዲስ እንዲሠራ ነው ይላሉ። ጸጉሩ ላይ ጨረቃ አለ፣ የጋንጅስ ወንዝም ከዚያው ከጸጉሩ ይወርዳል። አንገቱ ለምን ሰማያዊ ሆነ ብዬ ጠይቄው ነበር። አማልክትና አጋንንት የማይሞቱበትን መጠጥ ለማግኘት የወተት ባሕር ሲንጡ መጀመሪያ የወጣው መርዝ ነበር፤ ዓለምን እንዳይፈጅ ሺቫ ጠጣውና ጉሮሮው ላይ አስቀረው። እዚያው አንገቱ ላይ እባብ ተጠምጥሟል። እባቡን ነው እንግዲህ አንዲት አዛውንት ደንበኛዬ ያዩት።

«በስመ አብ! ልጄ፣ ይሄ ምን ጉድ ነው?»

«እማማ፣ የሰው አገር ሥዕል ነው። እኔ የምገዛው ጭሱን ነው።»

«ጭሱስ ለማን ነው የሚጤሰው?»

መልስ አጣሁ። ሰንደሉ በአገሩ ጠዋትና ማታ በነዚሁ አማልክት ሥዕል ፊት የሚለኮስ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘንጎቹን አውጥቼ ብርጭቆ ውስጥ አቆማቸዋለሁ፣ ፓኮው ላይኛው መደርደሪያ ይቀመጣል። መጣሉንም ተውኩት። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛ ባዶውን ፓኮ ቆሻሻ ውስጥ ሲወረውረው ህንዳዊው ተነስቶ አወጣው፣ በእጅጌው ጠረገውና ምንም ሳይል ኪሱ ከተተው።

ነጭ ለብሳ ቪና የሚባል ባለ ክር መሣሪያ የያዘችው ሳራስቫቲ የእውቀትና የሙዚቃ ናት። ሽታዋ ቀለል ያለ ጃስሚን ነው፤ የሺቫው ካለቀ እሷን ውሰዱ።

የሳራስቫቲ ባል ብራህማ ባለ አራት ራሱ ፈጣሪ ነው፣ የእሱን ፓኮ ግን ሱቁ ውስጥ አታገኙም። ህንዳዊው ሳቀብኝ። በአገሩም ቢሆን ለእሱ የተሠራ ቤተ መቅደስ ጥቂት ነው፤ የታወቀው ራጃስታን ውስጥ ፑሽካር ያለው ነው። ዋሽቶ ሺቫ ስለረገመው ነው የሚልም ታሪክ አለ።

እንከኑን ልናገር። ክረምት ላይ ዘንጉ እርጥበት ይስባል፣ ግማሽ ላይ ይጠፋል፤ ከከሰሉ ራቅ አድርጋችሁ ካላሞቃችሁት አይነድም። አመዱም ሳይቆረጥ ይረዝምና ቄጤማው ላይ ዘፍ ይላል። የፓኮው ቀለም እጅ ያበላሻል።

ሙሉ ካርቶን ስድስት ፓኮ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አቀላቅልልኝ ስትሉት ባለሱቁ ፊቱን ያጠቁራል። አትስሙት፤ እኔ አራት የሺቫ፣ ሁለት የሳራስቫቲ አስደርጌ ነው የምወስደው።