የ30 ደቂቃው በረራ

ከቦሌ ባሕር ዳር በአየር ስንት ሰዓት ይፈጃል ለምትሉኝ፣ እኔ ዳንግላ እስክገባ ሰባት ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል።

በ2012 ጥር፣ ለጥምቀት ዳንግላ እናቴ ዘንድ ስሄድ ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለውን 13 ሰዓት ገደማ ተኝቼ ስለጨረስኩት ወሬ የለኝም። ጉድ ያፈላችው የአገር ውስጧ አጭሯ ናት።

ከመነሳቴ በፊት ርቀት የሚያሰላ አንድ ድረ ገጽ አየሁ። ከኤርፖርት ኤርፖርት በቀጥታ 334 ኪሎ ሜትር፣ በረራው 30 ደቂቃ ይላል። ሒሳቡ ልክ ነው። ባለ ሁለት ፕሮፔለሯ ኪው 400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች። ግን መንደርደር አለ፣ መውጣት አለ፣ መውረድ አለ። ትኬቱ ራሱ 1 ሰዓት ያህል ነው የያዘልኝ። ቦሌ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘቱና ሁለት ጊዜ መፈተሹ ደግሞ ሌላ ነው።

በረራውን ግን ወድጄዋለሁ። ክንፏ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ የሚጋርድ ነገር የለም። ልጅ ሆኜ የዓባይን በረሃ ሳላስመልስ ያለፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከጎሐ ጽዮን ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረድና ወደ ደጀን ያው ዳገት ይወጣል። አሁን ቡናዬን ሳልጨርስ በረሃው አለቀ። ወዲያው ጮቄ መጣ። ሰብሉ ታጭዶ አገሩ ቢጫ ሆኗል፤ ተራራው መሀሉ ላይ እንደተጣጠፈ ጋቢ ተቀምጧል። እኛ ጮቄን የምናውቀው በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ ስንዞረው ነው። በዚያ በኩል ባሕር ዳር ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አውሮፕላኗ አናቱን ረግጣ አለፈች።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የኔ ነው። ለእህቴ ልጅ «ስምንት ሰዓት ባሕር ዳር ነኝ» ብዬ ጽፌለት ነበር። ትኬቱ የሚያወራው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 8:00 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ስድስት መቀነስ ረሳሁ። ወርጄ ስደውልለት ገና ዳንግላ ነው።

«አክስቴ፣ ስምንት ሰዓት አላልሽም እንዴ? ገና ቁርስ አልበላሁም!»

80 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ እስኪወስደኝ ከምጠብቅ ራሴው ልሂድ አልኩ። በር ላይ አንድ ባለመኪና ሻንጣዬን አይቶ ዋጋ ጠራ። ፊቴን አይቶ ቢሆን ይቀንስልኝ ነበር። በባጃጅ መናኸሪያ ገባሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ጠበቅኩ፤ በቆይታ ማለቴ ነው። ከጉዞው ሁሉ ምርጥ መስተንግዶ ያየሁት ግን ከረዳቱ ነው። ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ሲያስር «እትዬ፣ እንቁላል አለው?» አለኝ። ከአሜሪካ እንቁላል! ገመዱን ግን ሁለቴ አጠበቀልኝ፤ መራዊ ስንደርስም ወጥቶ አየልኝ።

አሁን የምትሄዱ፣ መንገዱ እንዴት እንደሆነ እዚያው ካለ ዘመድ ሳትጠይቁ ከባሕር ዳር አትውጡ።

ሌሊት 10 ሰዓት የወጣሁ፣ ረፋድ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ስትጠብቅ አድራለች። ስማ ስማ ስትጨርስ አቧራዬን አየች።

«በአውሮፕላን ነው የመጣሁ አላልሽም? በእግሩ ነው እንዴ የመጣው?»