ማርሚታው ከመቀመጫ ሥር ወይስ ከሞተሩ ሥር?

እ.ኤ.አ. በ1994 ዱካቲ 916 ሞተር ሳይክል ለገበያ ሲቀርብ መንትያ ማርሚታዎቹ (የጭስ ማውጫዎቹ) ከመቀመጫው ሥር ነበሩ። ውበቱ ብዙዎችን ማረከ፤ በ2004 ሆንዳ ሲቢአር 1000 አርአር እና ያማሃ አር 1 ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ጥቅሙም እውነተኛ ነው፤ ጎኑ ነጻ ስለሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሲያጋድሉ ማርሚታው አስፋልት አይነካም፣ ሞተር ሳይክሉ በጎኑ ቢወድቅም በቀላሉ አይጨረመትም።

ጣጣው የሚገለጠው ከተማ ውስጥ ነው። ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ ሙቀቱ በመቀመጫው በኩል ወደ ጭን ይወጣል። የዕቃ ማስቀመጫውም ይጠብባል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ክብደቱ ነው፦ ብረቱ ከፍ ብሎ፣ ወደ ኋላም ርቆ ስለሚቀመጥ ከግራ ወደ ቀኝ በፍጥነት ሲገለብጡት ሞተር ሳይክሉ እሺ አይልም።

ሆንዳ በ2008፣ ያማሃ በ2015 ማርሚታውን ወደ ታች አወረዱት። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከባድ በመሆኑ ከሞተሩ ሥር፣ ለክብደቱ ማዕከል ቅርብ ሆኖ መቀመጡ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ በጎን የሚወጣው ጫፍም አጭር ይሆናል። ዱካቲ ራሱ በ1199 ፓኒጋሌ ማርሚታውን ከሞተሩ ሥር ከቶታል።

እርግጥ ታች ያለ ማርሚታ ጭቃና ጠጠር ያገኘዋል፤ ከፍ ያለ የፍጥነት መቀነሻም ሊገጨው ይችላል። እንዲያም ሆኖ እኔ ያለ ማመንታት የታችኛውን እመርጣለሁ። ገዢ ግን አስቀድሞ በርከክ ብሎ ከሥር ይመልከት፤ የተላጠ ወይም የተሰረጎደ ብረት ካለ ዋጋው ላይ ይከራከር።