ፋሚሊ ሰርች ለጎጃሜ ትውልድ ቆጣሪ ምን ያህል ይረባል?

ፋሚሊ ሰርች የዘር መዝገብ የሚፈለግበትና የቤተሰብ ዛፍ የሚሠራበት ድረ ገጽና መተግበሪያ ነው፤ ነጻ ነው። የሚያስተዳድረው መቀመጫውን ሶልት ሌክ ሲቲ ያደረገው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለመጠቀም ግን የእምነቱ ተከታይ መሆን አያስፈልግም።

ጉልበቱ ወረቀት ባለበት አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ የተሰደደን ሰው እንውሰድ። የመንግሥት ምዝገባ ካቶሊክ ላልሆኑ ጋብቻዎች በ1845፣ ለሌላው ሁሉ በ1864 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል፤ ማውጫው እዚሁ ይፈለጋል። ከ1845 እስከ 1852 በነበረው ረሃብ የወጣ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይቀድማል። የ1821–1851 ቆጠራዎችም በ1922 ደብሊን ላይ በተነሣው እሳት ጥቂት ቁራጭ ሲቀር ወድመዋል። ስለዚህ ፍለጋው ከአሜሪካ ይጀምራል፦ ከሞት፣ ከዜግነትና ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ የትውልድ ደብሩን ማግኘት ይቀድማል። ደብሩ ሳይታወቅ «ጆን መርፊ» ብሎ መፈለግ ደብረ ማርቆስ ገበያ መሐል «አበበ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው፤ ስንቱ ይዞራል!

ጎጃም ላይ ግን ከፍለጋው ሣጥን ብዙ አትጠብቁ። የእኛ መዝገብ የሽማግሌ አፍና የብራና ኅዳግ ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚጠየቅ ሰው እስከ ዋና አባቱ (ርስቱን መጀመሪያ እስከ ያዘው ሰው) ድረስ በቃሉ ይቆጥር ነበር፤ የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ርስትን ሲያስቀር መቁጠሩም ጥቅሙ ቀነሰ። እናም መተግበሪያው ለጎጃሜ ምንጭ ሳይሆን ጎተራ ነው፤ እህሉን የምታስገቡት እናንተ ናችሁ።

ሲያስገቡ ብዙ የሚበላሸው ስም ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ አባትና ልጅ አንድ ስም ይጋራሉ ብሎ የተሠራ ስለሆነ በየትውልዱ የአባትን ስም እያስተካከሉ መጻፍ ግድ ነው። የክርስትና ስምና የፈረስ ስም በ«ሌላ ስም» ይግቡ። በብራናው ወለተ ማርያም የተባለችው በሽማግሌው አፍ ጥሩነሽ ልትሆን ትችላለች፤ ለየብቻ ከተመዘገቡ አንዲት ሴት ሁለት ሆና ትቀራለች። የጎጃሙ ገዥ ራስ አዳልና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም አንድ ሰው ናቸው።

ቀን ላይ የእኛን ወደ ፈረንጅ ለመቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል። «እምባቦ በተዘመተ በሁለተኛው ዓመት ተወለደ» ከተባለ እምባቦ (ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት የተዋጉበት ጦርነት) 1874 ዓ.ም. ነውና ልደቱ 1876፣ በፈረንጅ 1883 ወይም 1884 ነው። «ገደማ» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ የሽማግሌውንም ቃል እንዳለ ማስታወሻው ላይ አስፍሩ። ድምፁን በስልክ ቀርጾ እዚያው መጫን ይቻላል፤ አንድ ሐረግ በአንድ ፋይል ይሁን፣ አለበለዚያ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይምታታል።

ትልቁ ጉድለት ዛፉ የጋራ መሆኑ ነው። በሕይወት ያሉት ለሌላ አይታዩም፤ የሞቱትን ግን ማንም ያርማል፣ ስመ ሞክሼዎችንም ያዋህዳል። ለጋብቻ ሰባት ቤት ለማጣራት ዝምድና የሚያሳየው ክፍል ይረዳል፤ የሴት አያቶች መስመር ካልገባ ግን «ዝምድና የለም» ማለቱ ዋጋ የለውም። ቁልፍ የሆኑትን ሰዎች «ተከተል» ብላችሁ ያዙ፤ ለውጥ ሲደረግ መልእክት ይመጣል። የዛፉን ቅጂ ግን በደብተርም አስቀሩ።