የኤደንብራው መጠይቅ በሰሜን ሸዋ፦ ለደብረ ብርሃን ይሆናል፣ ለመንዝ ግን ሌላ ወረቀት ያዙ

የአራስ እናትን ድብርት ለመለየት ከተሠሩት መጠይቆች ስሙ የገነነው የኤደንብራው ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ተሠርቶ በ1987 እ.ኤ.አ. ወጣ። አሥር ጥያቄ፣ አንድ ገጽ፣ ቢበዛ አሥር ደቂቃ። ክፍያ የለውም፤ የአዘጋጆቹ ስም ሳይጠፋ ማባዛት ይቻላል።

ብልሃቱ ስለ ሰውነት ብዙም አለመጠየቁ ላይ ነው። አራስ ሌሊት ብትነቃ ለልጁ ነው፣ ብትደክምም ወልዳ ነው፤ ለሌላው ሕዝብ የተሠሩ የድብርት መጠይቆች ግን ይህን ሁሉ ከሕመም ይቆጥሩታል። የኤደንብራው በቀጥታ ወደ ስሜቷ ይሄዳል፤ ሳቅ እንዳላት፣ ያለ ጥፋቷ ራሷን እንደምትወቅስ፣ ፍርሃት እንደሚይዛት ይጠይቃል።

ነጥብ አያያዙ ብዙ ሰው ያሳስታል። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይይዛል፣ ድምሩ 30። 1ኛው፣ 2ኛውና 4ኛው ከላይ ወደ ታች 0፣ 1፣ 2፣ 3 ተብለው ይቆጠራሉ፤ በቀሩት ሰባት ላይ ግን የላይኛው መልስ 3 ነው። አሥሩንም በአንድ አቅጣጫ የደመረ የታመመችውን ደህና ብሎ ይሸኛል። ስለዚህ ነጥቦቹ የሰፈሩበት አንድ ቅጂ በጠያቂው እጅ ይኑር። የተለመደው መለያ 13 ነው፤ 13ና ከዚያ በላይ ያመጣች ድብርት ይጠረጠርባታል፤ ከ10 እስከ 12 ያመጣች ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ትጠየቅ። 13 ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ቁጥር ነው፤ 12 ያመጣች እናት ፊቷ ከጠቆረ ቁጥሩን ሳይሆን ፊቷን እመኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነቀፌታ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ የቡታጅራ ገጠር ጥናት ይህን መጠይቅ ከዓለም ጤና ድርጅት የሃያ ጥያቄ መጠይቅ ጋር አወዳድሮት ነበር፤ የኤደንብራው ደከመ፣ የሃያው ተሻለ። በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሲፈተን የኤደንብራው ደህና ሠርቷል። ይህ ለሰሜን ሸዋም ብዙ ይነግረናል። ደብረ ብርሃን ላይ አንብባ የምትሞላ እናት አራቱን አማራጭ ትለያለች። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ አካባቢ ጥያቄው በቃል ሲነበብላት ግን «አልፎ አልፎ» እና «ብዙም አይደለም» ተቀላቅለው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሆናሉ። የሃያው መጠይቅ መልስ «አዎ» ወይም «የለም» ብቻ ነው፤ ራስ ምታቱንም የሆድ መረበሹንም ያነሣል፣ የገጠር እናት ጭንቀቷን የምትናገረውም ብዙ ጊዜ በዚያ ነው። ጉድለቱ ደም ማነስንም ድብርት ሊያስመስል መቻሉ ነው፤ «አዎ» ሲበዛ ሄሞግሎቢን (የደሟ መጠን) ይታይ።

የትኛውንም ብትይዙ ጊዜውን እሷ በምትቆጥርበት ቁጠሩ። የኤደንብራው ያለፉትን ሰባት ቀናት ስለሚጠይቅ «ካለፈው ገበያ ወዲህ»፣ የሃያው አንድ ወር ስለሚጠይቅ «ካለፈው ወር ማርያም ወዲህ» ቢባል ይገባታል። አራስ ቤት ውስጥ መጠየቅ ግን ከንቱ ነው፤ አማት ከምድጃው አጠገብ፣ ጠያቂ ጎረቤት ገንፎ ላይ ተቀምጠው ማን ይናገራል? ምቹው ቀን ልጁ በስድስተኛው ሳምንት ለክትባት ሲመጣ ነው። ሕፃኑን አብሯት የመጣ ሰው ይያዝ፣ እናቲቱ ለብቻዋ ትግባ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚታየው ማልቀስና ሆደ ባሻነት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለሚያልፍ ያን ጊዜ መጠየቅ ብዙ ጤነኛ ያስደነግጣል።

የኤደንብራው አሥረኛ ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። እዚያ ላይ ከ0 በላይ የመለሰች፣ ድምሯ 4 ቢሆን እንኳ፣ በዚያው ቀን ትታይ። ሐሳብ ብቻ ነው ወይስ መንገድም አስባለች? ቤት ውስጥ የሰብል ፀረ ተባይ አለ? ካለ ዛሬውኑ ይውጣ፣ እሷም ብቻዋን አትደር። ሠራተኛ ደንግጦ ይህን ጥያቄ ከዘለለ የቀረው ዘጠኝ ብዙም አይጠቅም።

ሁለቱም ወረቀቶች የማይመጥኑት አንድ ሕመም አለ። ከወለደች በቀናት ውስጥ እንቅልፍ ሳይወስዳትም የማይደክማት፣ ንግግሯ የተዘበራረቀ፣ የሌለ ድምፅ የምትሰማ እናት መጠይቅ አያስፈልጋትም። ከ1000 ወላዶች አንድ ወይም ሁለት ላይ የሚደርስ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሪፈር። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ልውሰዳት የሚል ቤተሰብ ቢኖር መከራከር አያሻም፤ መጀመሪያ ትታከም፣ ከዚያ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትጠመቅ።

ድብርቱ ተረጋግጦ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊትም «ከዚህ በፊት ሳትተኚ ብዙ ቀን በጉልበት የሠራሽበት፣ ሰው ተለወጥሽ ያለሽ ጊዜ አለ?» ተብላ ትጠየቅ። መልሷ አዎ ከሆነ የድብርት መድኃኒት ብቻውን ሊያባብስባት ስለሚችል የሥነ አእምሮ ሐኪም ይያት። ይህ ጥያቄ በሁለቱም ወረቀቶች ላይ የለም፤ በእስክሪብቶ ከግርጌ ጻፉት።