ፍራንኪ ናክልስ ወይስ ሮን ሃርዲ?

የድሮ የሃውስ (የዳንስ ሙዚቃ ዓይነት ነው) ሚክስ፣ ማለትም ዲጄ ዘፈኖችን ሳያቋርጥ እያያያዘ የሚያጫውተውን፣ መስማት ካማራችሁ መነሻው ቺካጎ ነው። እዚያ ደግሞ ሁለት ዲጄዎች ነበሩ።

ፍራንኪ ናክልስ በፈረንጆቹ 1977 ከኒውዮርክ መጥቶ ዌርሃውስ ክለብ ማጫወት ጀመረ። የእሱ ሚክስ አይቸኩልም። አንዱ ዘፈን ሌላው ውስጥ ቀስ ብሎ ይገባል፤ መቼ እንደተቀየረ እንኳ ልብ አትሉም። ሥራ እየሠራችሁ ብትሰሙት አይረብሽም።

ሮን ሃርዲ ሌላ ነው። ሚዩዚክ ቦክስ በሚባለው ክለብ ሙዚቃውን ያፈጥነው፣ ቴፕ ቆራርጦ አንዷን ቦታ ደጋግሞ ያመላልሳት፣ ባሱን ድንገት ያጠፋና መልሶ ይለቀው ነበር። ፊውቸር የተባለውን ቡድን ሥራ «አሲድ ትራክስ»ን መጀመሪያ ሲያጫውት ሰው መጨፈሪያውን ጥሎ ሄደ ይባላል። እሱ መች ሊተው! በዚያው ሌሊት ደጋገመው፤ በአራተኛው ጊዜ ሰው በደስታ አበደ።

ከካሴት የተገለበጡት የሃርዲ ቅጂዎች ጥራት የላቸውም። ድምፁ ይሻክራል፣ አንዳንዴም ይታፈናል። እኔ ግን እሱን ነው የምመርጠው። ደጋግሜ ሰምቼውም ቀጥሎ የሚያመጣው ያስደነግጠኛል። ናክልስ እንዲህ አያደርግም፤ ቤት እንግዳ ካለ ግን ያለ ጥርጥር እሱን ክፈቱ።